ቡናማ የለበሰውን አፋልጉን

እኔ በተፈጥሮዬ ተንኮለኛ አይደለሁም። ተንኮል የጀመርኩት ቤተ መጻሕፍቴን የወንበር መጋዘን ሊያደርጉብኝ ሲሉ ነው።

አሰላ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ አንድ ሰፊ ክፍልና አንዲት ጠባብ ጓዳ ያላት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አለች። አሥራ ሰባት ዓመት ቁልፏን የያዝኩት እኔ ነኝ። ጠዋት ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ መጀመሪያ የሚያርፈው እኛ ጋ ይመስለኛል፤ በጋም ክረምትም ሹራቤን አላወልቅም። አንባቢዎቼ በፈተና ሰሞን ተማሪዎች ናቸው። በቀረው ጊዜ ሁለት ጡረተኞች ይመጣሉ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ዝናብ ያባረረው ሰው ይጠለልብኛል።

አንድ ጠዋት ኃላፊዬ መጣ። በዕድሜ ታናሼ ስለሆነ በልቤ አንተ፣ በአፌ እርስዎ እለዋለሁ። መጻሕፍቱን ዞር ብሎ አላየም፤ የክፍሉን ስፋት በእርምጃ ለካ። ከዚያ ቦታው ለስብሰባ ወንበርና ለባነር ማስቀመጫ እንደተፈለገ፣ መጻሕፍቱ ካርቶን ውስጥ ገብተው እንደሚቆዩ፣ እኔም መዝገብ ቤት እንደምዛወር ነገረኝ።

«አንባቢውስ?» አልኩት።

«የታለ አንባቢ?» አለኝ። ምን ልበለው፤ በዚያ ሰዓት የነበረው አንዱ ጡረተኛ ብቻ ነበር፣ እሱንም እንቅልፍ ወስዶታል። «እስከ ወሩ መጨረሻ አንባቢ ካሳየሽኝ እናያለን። አሁን እኮ ሁሉም ነገር በሶሻል ሚዲያ ነው፣ አስተዋውቂ» ብሎኝ ሄደ።

ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ስለ ደመወዝ አይደለም፤ መዝገብ ቤትም ደመወዝ አለ። ያቺ ክፍል ውስጥ የፀጉሬ ሽበት አንድ በአንድ ሲወጣ አይቻለሁ። የትኛው መጽሐፍ በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ መብራት ሲጠፋ በእጄ ዳስሼ አገኘዋለሁ። ያን ሁሉ ካርቶን ውስጥ ከተው በላዩ ላይ የፕላስቲክ ወንበር ሊከምሩበት ነው። ካለቀስኩ በኋላ ፊቴን ታጥቤ ፔጅ ከፈትኩ።

የመጀመሪያ ቀን የመደርደሪያዎቹን ፎቶ ለጠፍኩና «ኑ አንብቡ፣ በነጻ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ሰባት ላይክ አገኘሁ፣ አንዱ የራሴ ነው። «ዋይፋይ አለ?» የሚል አንድ ኮሜንትም መጣ። በማግስቱ አዲስ የገቡ መጻሕፍትን ዝርዝር ጻፍኩ። ያው ሰውዬ ዋይፋዩን ደግሞ ጠየቀ። በሦስተኛው ቀን መደርደሪያ ላይ የተኛችውን የጎረቤቴን ድመት አንስቼ ለጠፍኩ። ያኔ ኮሜንቱ ጎረፈ፦ አይጥ ትይዛለች ወይ፣ ወልዳለች ወይ፣ ትሸጣለች ወይ። ድመቷ ጭንቅላቷን ያሳረፈችበትን መጽሐፍ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። እርር ድብን አልኩ።

የድመቷ ባለቤት ከቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ጋር የተያያዘች ሱቅ ያላት ልብስ ሰፊ ናት። አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀለች ነው የምታወራው፤ ስትናደድ ኦሮምኛው ያይላል። ስልኬን ተቀብላ ወደላይ ወደታች አየችና «ማሎ፣ እባክሽ ሰውን አትለምኚው» አለችኝ። «ኑልኝ ኑልኝ ሲሉት ፊቱን ያዞራል። የጠፋ ሰው ማስታወቂያ ግን አይተሻል? እሱን ሼር ሳያደርግ የሚያልፍ የለም።» እሷ እንዲሁ ለወሬ ያለችው ነው። እኔ ግን ያን ቀን ሙሉ ስስቅ ዋልኩ።

የጠፋማ ነበረኝ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የሰፈራችን ዕድር ዳኛ ስለ ንብ እርባታ የተጻፈ ቡናማ መጽሐፍ ለሁለት ሳምንት ብለው ተውሰውኝ ነበር። እኚህ አባት ለቅሶ ላይ ሩብ ሰዓት ያረፈደን ሰው በሕዝብ ፊት አቁመው የሚገሥጹ ናቸው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ባለበት በዕድራችን ውስጥ ድምፃቸውን የማይፈራ የለም። ቀፎዎቹ ግቢያቸው ውስጥ ተሰቀሉ፣ ማሩም ለጎረቤት ተዳረሰ፣ መጽሐፉ ግን ቀረ። ከቤታቸው ወደ ዕድሩ አዳራሽ የሚወስደው መንገድ በእኔ በር ነው የሚያልፈው። እሳቸው ግን ሁልጊዜ በወፍጮ ቤቱ በኩል ዳገቱን ዞረው ይሄዳሉ። እኔንና መጻሕፍቴን ስለሚንቁ ነው እል ነበር፤ ነገሩ ለዓመታት ሲከነክነኝ ኖሯል።

እናም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አፋልጉን። ዕድሜው ሠላሳ ስምንት ነው። ቀጠን ያለ፣ ቡናማ የለበሰ፣ ጀርባው ላይ ጠባሳ ያለው። ጸባየ መልካም ነው፣ ሰው አያስቸግርም። እንደወጣ አልተመለሰም። በሩን ክፍት አድርገን እየጠበቅነው ነው።» ከዚህ ሥር ትንሽ ቦታ ትቼ የሚፈለገው መጽሐፍ መሆኑን፣ ጠባሳው የተለጠፈበት ፕላስተር እንደሆነ፣ የተዋሱትም የተከበሩ አባት ራሳቸውን እንደሚያውቁ ጻፍኩ። «እሱ እስኪገኝ መጥታችሁ ወንድሞቹን አንብቡ» ብዬ ጨረስኩ። ፎቶ ደግሞ ያስፈልጋል። ባዶው የመደርደሪያ ቦታ አጠገብ ቆሜ፣ እጄን ጉንጬ ላይ አድርጌ፣ ፊቴን አጨፍግጌ ራሴን አነሳሁ። እናቴ ብታየኝ «እጅሽን አውርጂ፣ ሟርት ነው» ትለኝ ነበር።

ሁለት ነገር ዘንግቼ ነበር። አንደኛው፣ ጽሑፍ ሲረዝም ስልኩ ግማሹን ደብቆ «ተጨማሪ» የሚል ነገር ያመጣል፣ እሱን ደግሞ ማንም አይጫንም። የእኔ መጽሐፍ ያለው ከዚያ በታች ነበር። ሁለተኛው ወንድሜ ነው። ወንድሜ አቦምሳ ይኖራል፣ እህል የሚጭን መኪና ይነዳል። ቀጭን ነው። ዕድሜውም ሠላሳ ስምንት ነው። ስጽፍ አንዴም ትዝ አላለኝም።

በማግስቱ ስልኬን ስከፍት ሼሩ ስንት እንደደረሰ አይቼ ዓይኔን አላመንኩም። ኮሜንት ግን አንድም የለም። ዋይፋይ የሚጠይቀው ሰውዬ እንኳ ዝም ብሏል። ይህ እንግዳ ሊሆንብኝ ይገባ ነበር። እኛ ጋ ክፉ ነገር በስልክ አይጠየቅም፤ ሰው ተጠራርቶ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ፣ በእግሩ ነው የሚመጣው። እስከዚያ ድረስ ባለቤቱ ፊት ትንፍሽ የሚል የለም። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ጽሑፌ ሰውን አፍ አስያዘው ብዬ ኮራሁ።

ገበያ ስሄድ ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ሴትዮ እጄን ይዛ አልለቅ አለች። ባጃጅ ስሳፈር ሹፌሩ የከፈተውን ዘፈን አጠፋ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ምሳ ሠርታ አመጣችልኝና ስበላ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ ታየኛለች፤ ምን ሆነሻል ስላት «ምንም» ብላ ወደ ሱቋ ገባች። የማስታወቂያውን ሐሳብ ያነሳችልኝ እሷው ናት፣ ቀልድ መሆኑን ማወቅ የነበረባት እሷ ናት። በኋላ ስጠይቃት «በዚህ የሚቀልድ ሰው ይኖራል ብዬ እንዴት ላስብ?» አለችኝ።

ኃላፊዬም ደወለ። ድምፁ ለስልሶ «አይዞሽ፣ ሥራው ከከበደሽ ዕረፍት ውሰጂ» አለኝ። እኔ ደግሞ ወዲያው የገባኝ መሰለኝ፦ ዞር ስልለት ወንበሮቹን ሊያስገባ ነው። «ዕረፍት አልፈልግም፣ ከዚህ ክፍል ንቅንቅ አልልም» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ለካ ይህንንም በሐዘን ብዛት የተናገርኩት መስሎት ለመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ነግሮ ኖሯል።

ረቡዕ ጠዋት በሩን ከፍቼ ብዙም ሳልቆይ የጫማ ድምፅ ሰማሁ። አንገቴን አውጥቼ ሳይ፣ የዕድሩ ሰዎች ነጠላና ጋቢያቸውን ለብሰው በቀስታ እየመጡ ነው። ከፊት ዳኛው ከዘራቸውን ይዘዋል፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በወፍጮ ቤቱ ሳይዞሩ በእኔ በር መምጣታቸው ነው። ከኋላ ኃላፊዬ ጥቁር ኮት ለብሶ ይከተላል፤ እሱም የዚሁ ዕድር አባል ነው። መጽሐፉን ሊመልሱ ሕዝብ ሰብስበው መጡ እንዴ ብዬ ነበር። ገቡና ወንበሩ ሲያልቅ ከጎረቤቴ ሱቅ አግዳሚ አምጥተው ተቀመጡ። ቤተ መጻሕፍቴ ከተከፈተች ጀምሮ እንዲህ ሞልታ አታውቅም። ማንም አያወራም፤ ሁሉም እግሩ ሥር ያያል።

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ሰው ሆኖ የማይፈተን የለም» ሲሉ ጀመሩና ብዙ ዞረው «ስለ ወንድምሽ ሰምተናል» አሉኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። ለመናገር አፌን ስከፍት ድምፅ አልወጣ አለ፣ ሴቶቹም ሐዘን አፌን የዘጋው መስሏቸው ማልቀስ ጀመሩ። «አይደለም፣ አይደለም» እላለሁ፤ «አዎ፣ ማመን ይከብዳል» ይሉኛል። በዚህ መሐል በሩ በኃይል ተከፈተና ወንድሜ ራሱ ገባ። አቦምሳ ላይ እህል ሲጭን አንድ ሹፌር «እህትህ ጋ ሰው ሊሰበሰብ ነው፣ ሂድ» ብሎት፣ ለምን እንደሆነ ሳይነግረው፣ እኔ የሞትኩ መስሎት ሌሊቱን ነድቶ መምጣቱ ነው። አይቶኝ በቁሙ ቀረ። ጎረቤቴ «ያ ረቢ» ብላ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ወንድሜ ደህና መሆኔን ሲያረጋግጥ የመጀመሪያ ጥያቄው «ታዲያ ማን ነው የሞተው?» ነበር።

ሁሉም እኔን አየኝ። ጣቴን ወደ ባዶው የመደርደሪያ ቦታ ቀሰርኩ።

«መጽሐፍ ነው የጠፋው» አልኩ። «ታች ጽፌው ነበር። ተጨማሪ የሚለውን ብትጫኑት...»

መጀመሪያ የተነሳው ኃላፊዬ ነው፤ ፊቱ ቀልቷል። «በሰው ሐዘን ነው የቀለድሽው» አለ። «ይህን ሁሉ ሕዝብ ከሥራው አስቀርተሽ! እኔ እኮ አልቅሻለሁ። እንግዲህ የወሩን መጨረሻም አንጠብቅም።» እውነቱን ነበር። አፈርኩ። ለመሳቅ ብዬ የነዚያን ሴቶች እንባ በከንቱ አፈሰስኩት። ክፍሏንም በገዛ እጄ አስወሰድኳት። ማንም የሚከራከርልኝ አልነበረም፤ ወንድሜ እንኳ ወደ ውጭ ነበር የሚያየው።

ዳኛው አልተነሱም። ከዘራቸውን መሬት ላይ አንዴ መቱና «ቀለሙ ምንድን ነው አልሽ?» አሉኝ።

«ቡናማ ነው፣ ጋሼ።»

«ጀርባው ላይ ፕላስተር አለው?»

«አለው፣ ጋሼ።»

ዓይን ለዓይን ተያየን። ስማቸውን ልጥራው ብዬ አሰብኩ፤ እውነት ለመናገር በጣም አማረኝ። ግን ፊታቸው ላይ ያየሁት ንቀት አልነበረም። ያ ሰው ሁሉ የሚፈራቸው ሽማግሌ አስተማሪ እንደያዘው ተማሪ ሆነው ነበር። ስማቸውን አልጠራሁም።

«ተገኝቷል?» አሉኝ።

«አልተገኘም።»

«እንግዲያው ተቀመጡ» አሉ ወደ ሕዝቡ ዞረው። «ዕድሩ የወጣው ጠፋ ተብሎ ነው። ጠርተን አውጥተን፣ ሳይገኝ መበተን በዚህ ዕድር አልተለመደም። እንደ ደንባችን ሦስት ቀን እንቀመጣለን።»

«መጽሐፍ እኮ ነው» አለ ኃላፊዬ።

«ሰምቻለሁ፣ ጆሮዬ ደህና ነው» አሉና የስም መጥሪያውን ደብተር ከጋቢያቸው ሥር አወጡ። እኛ ዕድር ውስጥ ስም ሲጠራ ያልተገኘ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ኃላፊዬም ያውቃል። ስሙ ሲጠራ «አለሁ» ብሎ ተቀመጠ።

አንዱ እንደ ለቅሶ ቤት ልማድ ካርታ ከኪሱ ሲያወጣ ግን ነፍሴ ተመለሰች። «እዚህ ካርታ አይቻልም፣ ድምፅም አይቻልም» አልኩ። ያን ሁሉ ካጠፋሁ በኋላ ደንብ ማስከበሬ ለእኔም ይገርመኛል። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሦስት ቀን ዝም ብሎ መቀመጥ የሚችል ሰው የለም፤ ቀስ በቀስ እጃቸው ወደ መደርደሪያው ሄደ። ወንድሜ አትላስ ገልጦ አቦምሳን ፈለገና ስላጣት ተቆጣ። አራት ሽማግሌዎች አንድ መነጽር እየተቀባበሉ አነበቡ፤ ተራ የሚጠብቁት፣ መነጽሩን የያዘው ያነበበውን ሹክ እንዲላቸው ይጎተጉታሉ። ጎረቤቴ ከኦሮምኛው መደርደሪያ አንድ ተረት አውጥታ ለሴቶቹ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብላቸው ጀመር። ዝም በይ ልላት ተነስቼ፣ ሴቶቹ እንባቸው ሳይደርቅ ሲስቁ ሳይ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ኃላፊዬ ደግሞ ከእኔ ጋር ላለመነጋገር መጀመሪያ ያገኘውን መጽሐፍ አንስቶ ፊቱን ከለለበት። አንድ ሀብታም ነጋዴ ተገድሎ ገዳዩ የማይታወቅበት ልብ ወለድ ነው። እስከ ቀትር ገጹን አልገለጠም። ከቀትር በኋላ ሻይ ስሰጠው አልሰማኝም። በማግስቱ ስም ሳይጠራ ቀድሞ መጥቶ ያችው ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዳኛው ከሁሉ ቀድመው መጡ። ከጋቢያቸው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ቡናማው መጽሐፍ ነው፤ ዳርና ዳሩ በማር ተጣብቋል።

«ሁለት ሳምንት አለፈኝ» አሉ። «ከዚያ ወር ሆነ። በወሩ እንዴት ብዬ ልመልሰው? ሰውን በሩብ ሰዓት የምቆጣ ሰው እኔ ነኝ። ሲቆይ ደግሞ ዓመት ሆነ። ዘጠኝ ዓመት በወፍጮ ቤቱ ዞሬያለሁ፤ ጉልበቴን ጠይቂው።»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስለ እኚህ ሰው ያሰብኩትን ሁሉ አስታውሼ ዓይኔ እንባ ሞላ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ» አልኳቸው። መዝገቡን ስቤ ተመላሽ ብዬ ልጽፍ ስል እስክሪብቶዬን ያዙት።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«መገኘቱን ልጽፍ ነዋ።»

«ከተገኘማ ሰው ይበተናል» አሉኝና መጽሐፉን በጣታቸው ወደ መሳቢያዬ ገፉት። መሳቢያውን ዘጋሁ።

ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሕዝቡ ሲነሳ ኃላፊዬ ወደ ኋላ ቀረ። መጽሐፉን ጣቱን መሐሉ ላይ ሰክቶ ይዞታል። ጥቂት ገጽ ነው የቀረው፤ ገዳዩ ገና አልታወቀም።

«ይህን ቤት ይዤው ልሂድ?» አለኝ።

«ይችላሉ» አልኩት። ካርዱን ሞላሁ፣ የመመለሻውን ቀን ጽፌ ሰጠሁት። እንደ ማንኛውም ተዋሽ ሁለት ሳምንት ነው። የወሩ መጨረሻ ደግሞ ዐሥር ቀን ቀርቶታል። ካርዱን ለረጅም ጊዜ አየው፤ ከዚያ መደርደሪያዎቹን አየ፣ ከዚያ እኔን።

«የት ነው የምመልሰው?» አለኝ።

«እዚሁ ነው የሚመለሰው» አልኩት።

ካርዱን ኪሱ ከተተና ወጣ። ወሩ አለቀ፣ ቀጣዩም ወር አለቀ፣ ወንበር የጫነ መኪና አልመጣም። በኋላ ወንበሮቹ ሌላ ቦታ እንደተቀመጡ ሰማሁ። አራቱ ሽማግሌዎች አሁንም ሐሙስ ሐሙስ ይመጣሉ፣ ሁለተኛ መነጽርም ተገኝቷል። ፔጁ ላይ ያ ማስታወቂያ እስካሁን አለ፤ አልተገኘም ወይ ለሚለኝ እየፈለግን ነው እላለሁ።

ዳኛው አሁን በእኔ በር ነው የሚያልፉት፤ ከዘራቸውን አንስተው ሰላም ይሉኛል። ኃላፊዬ ግን መጽሐፉን እስከ ዛሬ አልመለሰም። እኔም አልጠየቅሁትም፤ ልጠይቀውም አላስብም። ቢሮው ከእኔ ሁለት መቶ እርምጃ አይርቅም። ጠዋት ጠዋት በሩን ስከፍት፣ ቦርሳውን ይዞ በወፍጮ ቤቱ በኩል ዳገቱን ሲወጣ አየዋለሁ።